ጨጓራው ካነሰ በኋላ፦ በጎጃም ማዕድ ቀልብን ሰብስቦ መብላት

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ «እከሊት እኮ ጨጓራዋን አሳንሳ መጣች» የሚል ወሬ አሁን ብርቅ አይደለም። አንዳንዱ ይህን የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ያሠራል። አቅም ያለው ወይም ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሕንድ ወይም ቱርክ ደርሶ ይመለሳል። ማስታወቂያው በፌስቡክና በቲክቶክ እስከ ስልካችን ይመጣል። ከቀዶ ጥገናው በፊት የተነሳ ፎቶ፣ ከስድስት ወር በኋላ የተነሳ ፎቶ፣ ከሥር ስልክ ቁጥር።

ማስታወቂያው ውስጥ የሌለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ የሠራው ሐኪም ሩቅ ነው። የመጀመሪያው ደስታ በርዷል። «አምሮብሻል» የሚለው ሰው ቀንሷል። ሰርጉ፣ ማኅበሩ፣ ቡናው ግን እንደ ድሮው ነው። ጨጓራው ተቀይሯል፤ ሳይርበን እንድንበላ የሚያደርገን ነገር ሁሉ ግን ባለበት አለ።

ለዚህ ጊዜ ይጠቅማል ተብሎ በሌሎች አገሮች እየተሞከረ ያለ ሥልጠና አለ። ማይንድፉልነስ ይሉታል። ቀልብን ሰብስቦ፣ የሰውነትን ስሜት እያዳመጡ መብላትን ያለማምዳል። ለእኛም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገር ካልተስተካከለ ግን ጎጃም ላይ አይሠራም። ሥልጠናው የተሰናዳው የራሱን ሰሃን ይዞ ለሚበላ ሰው ነው። እኛ ጋ ማን ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ማዕዱን የከበበው ሰው ሁሉ ነው። ባለጉዳዩን ብቻ አሠልጥኖ ወደዚያ ማዕድ መመለስ ግማሽ ሥራ ነው።

ቀዶ ጥገናው የሚቀይረውና የማይቀይረው

በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ቀጭን ቱቦ ይቀራል። ባይፓስ በሚባለው ደግሞ ከጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገጠማለች። 30 ሚሊ ሊትር የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም።

የሚቀየረው መጠን ብቻ አይደለም። ግሬሊን የሚባለው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በስሊቭ ጊዜ ተቆርጦ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው ረሃብ የሚባል ነገር አይሰማውም። ጂኤልፒ-1 የሚባለው የጥጋብ ሆርሞንም ከምግብ በኋላ ከድሮው በላይ ይጨምራል። አሁን ስማቸው የገነነው የክብደት መቀነሻ መርፌዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ሆርሞን በመምሰል ነው።

ኪሎው ይወርዳል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ትልቅ ክትትል አለ። ባይፓስ የተሠሩት ሰዎች በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት ከክብደታቸው 32 በመቶ ያህል ቀነሱ። በ10ኛው ዓመት ሲመዘኑ ቅናሹ 25 በመቶ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው ውጤት ጸንቷል፣ የተወሰነው ተመልሷል። በዚያው ክትትል ቀዶ ጥገና የተሠሩት ሰዎች ካልተሠሩት ያነሰ ሞት ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሰው ከቀዶ ጥገናው እንዲሸሽ አይደለም። 25 በመቶ ግን አማካይ ነው። ከጀርባው ምንም ያልተመለሰበት ሰው አለ፤ አብዛኛው የተመለሰበትም አለ።

የኪሎ መመለስ ምክንያቱ ብዙ ነው። ሰውነት ራሱ ወደ ቀድሞ ክብደቱ ለመመለስ ይታገላል። የረሃብ ስሜት ቀስ እያለ ይመጣል። ጨጓራውም ከጊዜ ጋር ትንሽ ይለጠጣል። ይህን በፈቃድ ማስቆም አይቻልም። ኪሎ የተመለሰበትን ሰው «አልጠነከርክም» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ሆኖም ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩአቸው ሁለት የአበላል ልማዶች አሉ። አንደኛው ቀኑን ሙሉ ትንሽ በትንሹ መቀማመስ ነው። ሁለተኛው፣ መጠኑ ትንሽም ቢሆን «ማቆም አቃተኝ» የሚያሰኝ አበላል ነው።

የመጀመሪያውን ከቡናችን በላይ የሚያሳይ የለም። ደብረ ማርቆስ የምትኖር አንዲት መምህርት አለች እንበል። ስሊቭ ከተሠራች ሁለት ዓመት አልፏታል። ምሳዋን በሥርዓት በልታለች፤ አንድ እንቁላል፣ ትንሽ ሽሮ፣ ከእንጀራው ቁራሽ። ጠግባለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረቤቷ ለቡና ትጠራታለች። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። የገብስና የሽምብራ ቆሎ በሰፌድ መሃል ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ የተቆረሰ ድፎ ዳቦ አለ። አቦሉ እስኪደርስ አንድ እፍኝ ትዘግናለች። ወሬው ሞቅ ሲል ትደግማለች። ቶናው ላይ ዳቦው ይዞራል። በረካው ሲቀዳ ሰፌዱ ወደ እሷ ቀርቧል። በአንድ ጊዜ ብዙ ስላልበላች ጨጓራዋ አልተቆጣም። የመጀመሪያው እፍኝ ወርዶ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል። ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከምሳዋ የበለጠ በልታ ትነሳለች። ማታ «ዛሬ ምን በላሽ?» ብትባል «ምሳ ብቻ» ትላለች። አልዋሸችም። እጇ ዘገነ፣ አፏ አኘከ፣ ቀልቧ ግን ወሬው ላይ ነበር።

ጣፋጭና ለስላሳ ነገር ደግሞ ከዚህም በቀላሉ ይወርዳል። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ጁስ፣ ብስኩት፣ በስኳር የተበጠበጠ በሶ ጨጓራውን ሳያስጨንቅ ያልፋል። ሥጋና እንቁላል ወዲያው «በቃ» ያሰኛሉ፤ ጁስ አያሰኝም። በተለይ ባይፓስ የተሠራ ሰው ስኳር ሲያበዛ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ልቡ ሊመታ፣ ሊያልበው፣ ሊያዞረው ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ይጠነቀቃል። ያልተነገረው ሰው ግን «ቡዳ በላኝ» እስከማለት ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ልማድ ምሽት ይወዳል። ቀኑ ከብዶ ያለፈ፣ የተከፋ ወይም የተሰላቸ ሰው መሶቡን ይከፍታል። ድሮ ሆድን ሞልቶ የሚያሳርፈው ምግብ አሁን አይገባም፤ ፍለጋው ግን አልቆመም። ቀዶ ጥገናው ኀዘንን ወይም ብቸኝነትን በምግብ የማስታገስን ልማድ ከጨጓራው ጋር ቆርጦ አያወጣውም። ሥልጠናው የሚፈለገው እዚህ ጋ ነው።

አንዲት የገብስ ፍሬ

ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ይህን ሥልጠና ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ መድኃኒት ያልፈታላቸው ሕመም የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። ልምምዱ የመጣው ከቡድሂስቶች ተመስጦና ከዮጋ ነው። እሱ ግን ሃይማኖታዊውን ክፍል ትቶ ለሆስፒታል እንዲመች አድርጎ አዘጋጀው። ኋላ ላይ ጂን ክሪስቴለር የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህንኑ ለአበላል ችግር አመቻቸችው። ከተማሪዎቿ የምትጠይቀው በቀላሉ ይህ ነው፦ ከመብላትህ በፊት ረሃብህ ከ1 እስከ 10 ስንት ነው? መሃል ላይ ጥጋብህ ስንት ደረሰ? ምግቡ አሁንም እንደ መጀመሪያው ጉርሻ ይጣፍጥሃል?

«ሃይማኖቴን ይነካብኝ ይሆን?» የሚል ሰው እዚህ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። በሆስፒታል የሚሰጠው ልምምድ ትንፋሽን፣ ማኘክን፣ ረሃብንና ጥጋብን ልብ ማለት ነው። የሚመለክ ነገር የለውም። ደግሞም ከምግብ በፊት ረጋ ማለት ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም። እጅ ይታጠባል፣ ማዕዱ ይባረካል፣ ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ እጁን አይሰድም። ልምምዱን ከዚያች ቅጽበት ጋር ማያያዝ ይቻላል። ማዕዱ ተባርኮ «አሜን» ከተባለ በኋላ ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ራስን መጠየቅ፦ አሁን ርቦኛል ወይ?

የሥልጠናው የታወቀ ልምምድ አንዲት ዘቢብ ቀስ ብሎ መብላት ነው። እኛ ጋ የዘቢቡን ቦታ ቆሎ ይይዛል። የአብነት ተማሪው ሁሉ ቆሎ ይዞ በተጓዘበት አገር ከዚህ የቀረበ ነገር አይገኝም። ሐኪሙ ጠጣር ምግብ የፈቀደለት ሰው ብቻ እንዲህ ይሞክር።

አንዲት የገብስ ፍሬ መዳፍህ ላይ አድርግ። ከላይ እስከ ታች የሚወርደውን ስንጥቅ እየው። አንዱ ጎኗ ከሌላው ይበልጥ ጠቁሯል፤ ምጣዱን የነካው እሱ ነው። ወደ አፍንጫህ አቅርባት። የእሳት ሽታ አላት። ምላስህ ላይ አድርጋትና አታኝካት። ምራቅህ ሲሞላ ይሰማሃል። አሁን አንዴ ብቻ ንከሳት። ድምፁን ጆሮህ ውስጥ ትሰማዋለህ። መጀመሪያ መረር ትላለች። ስታኝካት ቆይታ ትጣፍጣለች፤ ምራቅህ ስታርቹን ወደ ስኳር እየቀየረው ነው። ሙሉ በሙሉ ሳትልም አትዋጣት። ስትውጣት እስከ ደረትህ ተከተላት። ከዚያ እጅህን ተመልከት። ሁለተኛዋን ሊያነሳ ተነስቷል ወይ?

ልምምዱ የሚፈልገው ያችን ቅጽበት ነው። እጁ ሳይታዘዝ ሲነሳ ያየ ሰው መልሶ ሊያስቀምጠው ይችላል። ልብላ ቢልም ጥፋት የለውም፤ አውቆ በላ። ቡና ላይ ሰፌዱ ሲዞር የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ጨጓራው ላነሰ ሰው ልምምዱ ተጨማሪ ትርጉም አለው። ድሮ የሚያውቀው የጥጋብ ስሜት የለም። ሆድ ሞልቶ ቀበቶ እስኪጠብ የሚባለው ቀርቷል። አዲሱ ምልክት ሌላ ነው፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። አንዱን ስቅ ይለዋል። ሌላው በረጅሙ ይተነፍሳል። አንዳንዱ አፍንጫው ድንገት ይፈስሳል ወይም ያስነጥሰዋል። ብዙ ሰው ደረቱ ላይ ጫን የሚል ነገር ይሰማዋል። ከዚህ ምልክት በኋላ የምትገባ አንዲት ጉርሻ ትመለሳለች። ምልክቱን ቀድሞ ማወቅ ከማስመለስ ያድናል። ቲቪ እያዩ ወይም ስልክ እየነካኩ ለሚበላ ሰው ምልክቱ ሳይሰማ ያልፋል።

ሌላው ትምህርት አምሮትን መጠበቅ ነው። የመብላት አምሮት ይነሳል፣ ይከርራል፣ ከዚያ ይበርዳል። ብዙዎቻችን ካልታዘዝነው የሚያድግ ይመስለናል። ሰልጣኙ አምሮቱን እየተመለከተ እንዲቀመጥ ይደረጋል፦ የት ነው የሚሰማኝ? ጉሮሮዬ ላይ ነው? ሆዴ ላይ ነው? እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ሆድ ውስጥ የሌለ ረሃብ ብዙ ጊዜ የድካም፣ የንዴት ወይም የብቸኝነት ሆኖ ይገኛል። ያን የለየ ሰው እህቱ ጋ ይደውላል፣ ይተኛል፣ ወይም ይራመዳል።

ውጤቱ ምን ያሳያል?

እዚህ ላይ ታማኝ መሆን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ይህን ሥልጠና «ኪሎ ማጥፊያ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ነገ መምጣቱ አይቀርም። ጨጓራቸው ባነሰ ሰዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ የወጣ፣ ቦስተን የተሠራ አንድ ሙከራ 18 ሰዎችን ይዞ ነበር። ግማሽ ያህሉ አሥር ሳምንት ሠለጠኑ፤ ሌሎቹ የተለመደውን ምክር አገኙ። በስድስተኛው ወር በክብደት በኩል በሁለቱ ቡድኖች መካከል የረባ ልዩነት አልታየም። በስሜት ተገፋፍቶ መብላት ግን በሠለጠኑት ቀንሷል። ቀዶ ጥገና ባልተሠሩ ሰዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶችም በአመዛኙ ወደዚሁ ያመለክታሉ፦ ሥልጠናው ሚዛኑን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ሳይቆጣጠሩ መብላትን ይቀንሳል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምሽቱን ከመሶቡ ጋር ሲታገል የሚያድር ሰው፣ ኪሎው ባይነቃነቅም ትግሉ ከቀለለለት ሕይወቱ ቀሏል። ኪሎ ይቀንሳል ተብሎ ቃል የተገባለት ሰው ግን በሦስተኛው ወር ሚዛኑን አይቶ ይተወዋል። ስለዚህ ምን እንደሚሰጥ በቅድሚያ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

«ምነው ከሳሽ?»

የጎጃምን ሰው የሚከብደው ከጨጓራው ይልቅ ሰላምታው ነው። እኛ ጋ መወፈር ምቾት ነው። «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ» ምርቃት ነው። ምክንያት አለው። በአገር አቀፉ የጤና ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሥራ አምስት እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ ቀጭን ነበሩ። ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው 8 በመቶ ናቸው፤ ያም እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረው 3 በመቶ አድጎ ነው። ችጋር በቅርብ በሚታወስበት ቤት የሞላ ጉንጭ ዛሬም ጤና ነው። የከሳ ሰው ደግሞ ወይ ታሟል፣ ወይ ተቸግሯል። ቲቢና ኤችአይቪ ብዙ ሰው ካሳጡን በኋላ ይህ ግምት ጠንክሯል።

እናም ሠላሳ ኪሎ ቀንሳ የመጣች ሴት ገበያ ስትወጣ «ምን ነካሽ? ምነው ከሳሽ?» ትባላለች። ፀጉሯ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ቢረግፍ ወሬው ይብሳል። ብዙዎች ቀዶ ጥገናውን ይደብቃሉ። የደበቀ ሰው ደግሞ ማዕድ ላይ ምክንያት የለውም።

«እታለም፣ ምነው ተውሽው? ወጤ አልጣፈጠሽም?»

«ኧረ እጅዎ ይባረክ እማማ፣ ጠግቤ ነው።»

«ከመቼው? ምንም ሳትቀምሺ! በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።»

እዚህ ጋ ሥልጠናው ያስተማራት ሁሉ ይፈተናል። ደረቷ ላይ ጫን ብሏታል። ምልክቱን አውቃዋለች። ትንፋሿን ሰብስባ አዳምጣዋለች። ግን አንዲት እናት በራሳቸው ሞት እየለመኑ እጃቸው አፏ ደጃፍ ላይ ነው። እምቢ ብትል ቤቱን ናቀች። ብትጎርስ ጓሮ ሄዳ ታስመልሳለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ደግሞ ሁለተኛው ይከተላል። የቦስተኑ ሥልጠና ለዚህ መልስ አላዘጋጀም።

መልሱን ማዘጋጀት ያለብን እኛ ነን። እኔ እንደሚታየኝ ከሥልጠናው ጊዜ ሲሶው ለዚህ መዋል አለበት። ሰልጣኞቹ እርስ በርስ እንደ ጋባዥና እንደ እንግዳ ሆነው ጮክ ብለው ይለማመዱ። «እማማ፣ የሆድ ቀዶ ጥገና ተሠርቻለሁ፤ ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ ብዪ ብሎኛል። የእርስዎን ጉርሻ ግን አልመልስም፣ ትንሽ አድርገው ያጉርሱኝ።» እንዲህ ያለ መልስ ክብሩን ተቀብሎ መጠኑን ይቀንሳል። «የሆድ ቀዶ ጥገና» ማለት ይበቃል፤ ዝርዝሩን ለሁሉ ማስረዳት አይጠበቅባትም። ከመጀመሪያው ጀምሮ የራሷን ድርሻ በትንሽ ሰሃን ለይታ ብትይዝም እጇ ከትሪው አይርቅም። አብሮ መብላቱ አይቀርም፤ መጠኑ ግን ይታያል።

ከሁሉ በላይ ግን የቤቱ ሰው መምጣት አለበት። ባል፣ እናት፣ ታላቅ እህት፣ ማለትም ወጡን የሚሠራውና እንጀራውን የሚያቀርበው ሰው፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን ከሰልጣኙ ጋር ይቀመጥ። ጨጓራው ምን ያህል እንደሆነ በስኒ ይታየው። ሰው ፊት «ብይላት» ማለት ፍቅር ቢሆንም ምን እንደሚያስከትል ይረዳ። ብዙ እናቶች ይህን አይተው እንደ በፊቱ አይቀጥሉም። ሰርግ ላይ ከጎን ተቀምጠው «ተዉአት፣ ሐኪም ከልክሏታል» የሚሉት እነሱ ይሆናሉ። ያ ቃል ከእንግዳዋ አፍ ከሚወጣ ይልቅ ከእናት ሲወጣ ይከበራል።

ጾምና መጠጥ

ጾሙ ለብቻው መነሳት አለበት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ገደማ ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል። በፍስክ እንቁላል፣ ወተት፣ ዶሮ አለ። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ፣ ከዚያ ውጭ ረቡዕና ዓርብ፣ ይህ ሁሉ ይቀራል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ ፕሮቲን አላቸው፤ ትንሿ ጨጓራ ግን የሚፈለገውን ያህል ሽሮ አትይዝም።

ውሃው ደግሞ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው እስከ ማታ አራት ሰዓት ሰባት ሰዓት ይቀረዋል። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል መጠጣት አለበት። በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ አይችልም። ምግብ እየበላ መጠጣት ተከልክሏል፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ አለበት። ሂሳቡ አይሞላም። ለዚህ መፍትሔው ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ነው፤ ለታመመ ሰው ምን እንደሚፈቀድ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሐኪሙም «አትጹሚ» ብሎ ከመቁረጥ ይልቅ ምን ያህል ፕሮቲንና ውሃ እንደሚያስፈልግ ጽፎ ቢሰጣት ለንስሐ አባቷ የምታሳየው ነገር ይኖራታል።

የፋሲካ ሌሊት ሌላ ፈተና ነው። ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ ዶሮ ወጡ ቅቤው እየታየ ይቀርባል። ሁሉም ይቸኩላል። ቀስ ብሎ ማኘክን ለወራት የተለማመደ ሰው ያን ሌሊት ይጠቀምበታል። ያልተለማመደ ደግሞ በዓሉን በማስመለስ ይጀምራል።

መጠጥን ባጭሩ ልበል። በተለይ ባይፓስ ከተሠሩ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ነው፣ መጠኑም ከፍ ይላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የመጠጥ ችግር ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሁለተኛው ዓመት እንደሚጨምር አሳይቷል። ድሮ ሁለት ብርሌ ጠጅ ምንም የማይለው ሰው አሁን በአንዱ ሊወድቅ ይችላል። አረቄማ ባይነሳ ይሻላል። ምግብ ያጽናናው የነበረ ሰው ማጽናኛውን ወደ መጠጥ እንዳያዞር ቤተሰብ ልብ ሊለው ይገባል።

ሥልጠናው የማይተካው

ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ የዕድሜ ልክ ነገሮች ናቸው። በማስተዋል መብላት አንዱንም አይተካም። ማስመለሱ ለቀናት ከቀጠለ ጉዳዩ የአበላል አይደለም፤ ቫይታሚን ቢ1 በፍጥነት ሊያልቅና ነርቭንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ያ ሰው ትንፋሹን ሲያዳምጥ ሊቀመጥ አይገባም፤ ያለ ቀጠሮ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ከባድ ድብርት ውስጥ ያለና ስለ ሞት የሚያስብ ሰውም እንዲሁ ነው።

በእኛ አካባቢ አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በአማራ ክልል ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ግጭት ብዙ ሰው ላይ ጠባሳ ጥሏል። ዓይንን ጨፍኖ ዝም ማለት አንዳንዱን አያረጋጋም፤ ያየውን ነገር ይመልስበታል። ስለዚህ ልምምዱ ዓይን ተከፍቶ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ለሦስት ወይም ለአምስት ደቂቃ ይጀመር። የከበደው ሰው ያለ ይሉኝታ እንዲያቋርጥ ይፈቀድለት። መንገድ ሲዘጋ ለክትትል አዲስ አበባ መሄድም አይቻልም። የክትትሉ ሥራ እዚሁ በአቅራቢያ መገኘት ያለበት ለዚህም ነው።

እዚሁ የሚሠራበት ቦታ ያለ ይመስለኛል። በየሆስፒታሉ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል አለ። ጠዋት ታካሚው ተራ ሲጠብቅ ነርሶች የጤና ትምህርት ይሰጣሉ። ጨጓራቸውን ያሳነሱ ሰዎች ገና ጥቂት ስለሆኑ ለብቻቸው ክፍል መክፈት አይቻል ይሆናል። በማስተዋል መብላት ግን ለስኳር ታካሚውም ይጠቅማል፤ አንድ ላይ መሠልጠን ይችላሉ። ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ የሕክምናና የነርስ ተማሪም አለ። ቆሎ በየቤቱ አለ።

ለመጀመር ደግሞ ሙሉ ሥልጠና መጠበቅ አያስፈልግም። ታካሚዋ ሚዛን ላይ ስትወጣ ነርሷ ኪሎውን ከመዘገበች በኋላ ሁለት ጥያቄ ትጨምር። «ባለፈው ሳምንት ሳይርብሽ የበላሽው መቼ ነበር?» እና «ያኔ አጠገብሽ ማን ነበር?» ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «ማንም» ከሆነ ወሬው ወደ ምሽቱ፣ ወደ እንቅልፉና ወደ ልቧ ይሄዳል። መልሱ «እናቴ» ወይም «ጎረቤቴ» ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛት ትምጣ።